የሰው ጫጉላ

ዘሀራ በዚያ ወር ስንት ጊዜ እንዳገባች ብትጠየቅ በጣቷ መቁጠር ነበረባት። አንድ ቀን ጠዋት የኮሪያ ሙሽራ ሆነች፤ ከሰዓት በኋላ የብራዚል። በማግስቱ ሦስተኛ ባላቸውን ያገቡ አንዲት ባልቴት ቀጥረዋት፣ እሳቸውን ሆና አሸዋ ላይ ስትንከባለልና ስትስቅ ዋለች። ባልየው ግን ሁልጊዜ ያው ተማም ነው። የሐርቡዋ ልጅ የሐይቅ ከተማውን ልጅ ማግባት ከጀመረች ሁለት ዓመት አለፋት። ለራሷ ግን ገና ያላገባች ልጅ ናት፤ በፎቶዎቹ ላይ ያለው ፊት ሁሉ የሌላ ሰው ነው።

ሥራቸው ምትክነት ይባላል። ሰው ራሱ መጓዝ ከተወ ቆይቷል። ሙቀቱ፣ ወረፋው፣ የሆድ ቁርጠቱ ለማን ይበጃል? የሚፈለገው ፎቶው ነው። ስለዚህ ደንበኛው አገሩ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ቁመቱንና ውፍረቱን የሚመስል አካል ይከራያል። አካሉ ይደክምለታል፣ ይደነቅለታል፣ ይስቅለታል፤ ፊቱ በኋላ ይለወጣል። ጎረቤት «እንዴት ነበር ጉዞው?» ሲለው ደንበኛው «በጣም ይሞቃል» ይላል፤ እሱ እንኳ ተነግሮት ነው።

የሚሠሩባት ረምላ የበረሃ አገር ናት። ነዳጁ የአያቶች ወሬ ከሆነ ወዲህ የምትሸጠው አሸዋ፣ ግመልና ፀሐይ መጥለቂያ ነው። ተወላጆቹ ባሕሩ ዳር በቀዘቀዘ የመስታወት ከተማ ይኖራሉ። በረሃውን በዓይናቸው ካዩ ዘመን አልፏል፤ ለበዓል ጊዜ የበረሃ ፎቶ ሲያምራቸው እነሱም ምትክ ይቀጥራሉ። ዘሀራ ሁለት ጊዜ የረምላ እመቤት ሆና በአያቶቿ አሸዋ ላይ እንባ አፍስሳለች። እንባው ተጨማሪ አገልግሎት ነው።

ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ መኪኖች ይወጡና የትናንቱን ዱካ ከአሸዋው ላይ ይጠርጋሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሙሽራ አሸዋውን የረገጠ የመጀመሪያው ሰው መሆን አለበት። ከዚያ ሻፊቅ ግመሉን እየሳበ ይመጣል። ሻፊቅ የበረሃ ባላባት ነው፤ ማለትም የባንግላዴሽ ሰው ሲሆን የባላባትነት ልብስ ተሰጥቶታል። ፊቱን እንኳ አይለውጡለትም፤ ፂሙ ይበቃል ተብሏል። ግመሉ ግን እውነተኛ ነው፤ አሮጌ፣ ኩሩ፣ ብቻውን ሲተዉት የሚጮህ፤ ስለዚህ ሻፊቅ የትም ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

ፎቶውን የምታነሳው በራሪ ካሜራ ናት። ሠራተኞቹ ዝንቧ ይሏታል፤ ጠባይዋም እንደዚያው ነው። ከፊት ለፊት ታንዣብብና በጆሯቸው ውስጥ ታዛለች፦ «ሙሽሪት ፀጉርሽን በትኚ። ሙሽራው ግንባር ሳም። ፍቅር ይጎድላል፤ ይደገም።» ዝንቧ ፍቅርን ትለካለች። በምን እንደምትለካው ማንም አያውቅም፤ ከጎደለ ግን ቁርስም ምሳም የለም፣ እስኪሞላ ይደገማል።

ችግሩ ዘሀራ ተማምን መውደዷ ነው።

መቼ እንደጀመራት አታውቀውም። ላብ በላብ ሆኖ በሞቃት አሸዋ ላይ ሲስማት ሳይሆን፣ ሥራ አልቆ ጫማውን እያራገፈ ለብቻው ሲያንጎራጉር ነው ልቧ ድክም የሚለው። ሌላ ሥራ ላይ የተገናኙ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ቀን ዓይኗን ሰበር አድርጋ ታየው ነበር፤ እሱም ይገባው ነበር። እዚህ ግን ያ አስተያየት በየቀኑ አሥር ጊዜ ይሸጣል። «እወድሃለሁ» ትበለው? ትናንት ብላዋለች፣ በፖርቱጋልኛ። እጁን ትያዘው? ከጠዋት ጀምሮ እንደያዘችው ነው። የቀራት ነገር የለም፤ ሁሉንም ለሰው አከራይታዋለች። እሱም ሲያያት ዓይኑ የሚያበራው ለእሷ ይሁን ለዝንቧ በምን ትለየው?

በዚህ መሃል ወሬ መጣ። በሰሜኑ ዋልታ ባለው የበረዶ ጣቢያ አንዱ ሙሽራ እግሩ ተሰብሯል፣ ስለዚህ ተማም ሐሙስ ፀሐይ እንደጠለቀች ወደዚያ ይዛወራል። ከአሸዋ ወደ በረዶ። እዚያ ሌላ ሚስት ትጠብቀዋለች፣ የሥራ ሚስት። ዘሀራ ወሬውን የሰማች ቀን በሦስት ቋንቋ ሳቀች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ በአማርኛ አለቀሰች።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ግን ያላሰበችው ሆነ። በመመገቢያው ድንኳን ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበች ሳለ ጋሽ ንዋይ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው «ልጄ፣ ድምፅ እንዳይሰማ፤ ሽማግሌ መጥቷል» አሏት።

ጋሽ ንዋይ የሠፈሩ ብቸኛ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ናቸው። ጡረታ የወጡ ጀርመኖችንና ጃፓኖችን እየተኩ ፀሐይ ስትጠልቅ ቁጭ ብለው ማሰብ ነው ሥራቸው። «ሳላስብ ያሳሰቡኝን ያህል ብማር ዶክተር እሆን ነበር» ይላሉ። ዘሀራ የመጣች ሰሞን አጎቷ ሼህ ይማም ከሐርቡ ደውለው «ልጄን ለአላህና ለእርስዎ አደራ» ብለዋቸዋል። ጋሽ ንዋይ አደራ እንደ ቀልድ የሚይዙ ሰው አይደሉም። የሁለት ሴት ልጆቻቸው ሰርግ ደብረ ብርሃን ሲደገስ እሳቸው እዚህ ሆነው በስክሪን ነው ያዩት፤ አንድም ሽማግሌ ፊታቸው ቆሞ «ልጅዎን» ብሏቸው አያውቅም። አሁን በዚያ ሙቀት የሱፍ ኮታቸውን ለብሰው እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል።

ዘሀራ እጇን ሳትጠርግ በመጋረጃው ቀዳዳ ተመለከተች። ሻፊቅ ከነባላባት ልብሱ ቆሟል። አጠገቡ ሙራድ አለ፣ ፓኪስታናዊው ሾፌር፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ስለደከመው ሳይጋበዝ ተቀምጧል። ሻፊቅ በክርኑ ጎሸም አድርጎ አስነሳው። ተማም እንዳሠለጠናቸው ያስታውቃል።

ጋሽ ንዋይ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «ሁለት ናችሁ» አሉ። «ሽማግሌ ሦስት ነው።»

ሻፊቅ ዘወር ብሎ ወደ በሩ ተመለከተ። ግመሉ አንገቱን በድንኳኑ በር አስገብቶ እያመነዠከ ነው። «ሦስተኛው እሱ ነው» አለ።

«ዕድሜው?»

«ሃያ ሁለት።»

ጋሽ ንዋይ አሰቡበት፤ ማሰብ ሥራቸው ነው። «ለግመል ደህና ዕድሜ ነው። ፂሙም መጥፎ አይደለም። እዚያው ሆኖ ይስማ። በሉ፣ ምን ጉዳይ ነው ያመጣችሁ?»

«ልጃችሁን ዘሀራን ለልጃችን ለተማም እንድትሰጡን ልንለምን ነው» አለ ሻፊቅ። በጆሯቸው ያለው አስተርጓሚ ቃል በቃል አስተላለፈው።

መጋረጃው ጀርባ ዘሀራ የያዘችው ሳህን ሊያመልጣት ሲል በጉልበቷ ያዘችው። ተማም ላከ። ዝንቧ ሳታዘው፣ ማንም ፎቶ ሳያነሳው ላከ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሻፊቅና ግመሉ ያወቁትን እሷ አሁን ገና ሰማች።

«ተማም?» አሉ ጋሽ ንዋይ፣ ምሳ ከተማም ጋር ከአንድ ትሪ በልተው እንዳልተነሱ። «ተማም ማን ነው? አናውቀውም። የማን ልጅ ነው? ጠባዩስ?»

ሻፊቅ ግራ ተጋባ። «እንዴ፣ ተማም ነዋ። ትናንት ሱሪዎን የሰፋልዎ።»

«ልጃችን ደግሞ ገና ልጅ ናት። ለማንኛውም ዘመድ አላት፣ ይመከርበታል። ሌላ ቀን ብቅ በሉ» ብለው ጋሽ ንዋይ ብድግ አሉና በሩን አሳዩአቸው።

ዘሀራ እልል ማለት ከጅሏት አፏን በፎጣ አፈነች። በሰፈሯ «ሌላ ቀን ብቅ በሉ» የተባለ ሽማግሌ ደስ ብሎት ነው የሚወጣው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚሉት ልጅን አይደለም፤ ቤት ያጣበበ ዕቃን ነው። ጋሽ ንዋይ ወደ ወጥ ቤቱ ገብተው «ነገ ይመጣሉ፤ ረቡዕ እንሰጣለን፤ ሐሙስ ልጁ አልሄድም ይላል፣ አለቀ» አሏት። ኮታቸው በላብ ረስርሷል፤ ፊታቸው ግን የሠርግ ቤት ነበር።

ማክሰኞ ማንም አልመጣም። ጋሽ ንዋይ ኮታቸውን ለብሰው እስከ እራት ድረስ ተቀምጠው ጠበቁ። ረቡዕም ለብሰው ጠበቁ። ግመሉ በድንኳኑ አጠገብ አለፈ፤ አንገቱን እንኳ አላስገባም።

ተማም ቀን ቀን እንደወትሮው ይስማታል፣ እንደወትሮው ያዞራታል፤ ሥራው እንዳለቀ ግን ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ዘሀራ መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ ተናደደች። ረቡዕ ማታ ፍራሿ ላይ ተጋድማ የመጨረሻውን አሰበች፦ ምናልባት ሽምግልናውም ሥራ ነበር፤ የሆነ ደንበኛ «የአበሻ ሽምግልና» ብሎ አዝዞ ይሆናል። እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ተዋርዳ አታውቅም።

ሐሙስ የመጨረሻዎቹ ደንበኞች የአዲስ አበባ ሰዎች ነበሩ፣ ኤፍራታና ናሆም የሚባሉ አዲስ ተጋቢዎች። ኤፍራታ ፀጉር ቤት ተቀምጣ፣ ናሆምም ሶፋው ላይ ሆኖ በቀጥታ እያዩ ነው፤ ድምፃቸው በዝንቧ ሆድ በኩል ይመጣል። «እኔ እንደሱ አልስቅም። ጥርስ አሳንሺ» ትላለች። «ናሆም፣ ሆድህ እዚህ ጥሩ ነው፤ ለምን ሁልጊዜ እንዲህ አትሆንም?»

አሸዋው አናት ላይ ቆመዋል። ከታች ሻፊቅ ግመሉን ይዞ ባላባት መስሏል፤ ራቅ ብሎ ሙራድ መኪናውን አስነስቶ የተማምን ሻንጣ ጭኗል። በሚቀጥለው ክምር ላይ ጋሽ ንዋይ የአንድ ጀርመን ጡረተኛ ምትክ ሆነው ወደ ፀሐይዋ እያዩ ያስባሉ።

«ሙሽራው ወገብ ያዝ። ሙሽሪት ሳቂ» አለች ዝንቧ።

ምትኮች ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ ማውራት ያውቃሉ፤ አለበለዚያ በዚህ ሥራ አይዘለቅም። ዘሀራ ሙሉ ጥርሷን አሳይታ እየሳቀች «ሽማግሌ ልኮ መጥፋት የት ነው የተማርከው? ሐይቅ እንደዚህ ነው የሚደረገው?» አለችው።

«እምቢ ከተባልኩ በኋላ ምን ልሁን?» አለ ተማም፣ እሱም እየሳቀ፣ ግንባሯን ሊስም እየተጠጋ።

«ማን እምቢ አለህ?»

«ጋሽ ንዋይ። አላውቀውም አሉ አሉ። ሱሪያቸውን ሰፍቼ!»

«ታዲያ ምን እንዲሉ ፈለግህ? ባንዴ ውሰዷት ይበሉልህ? እኔ ትርፍ ዕቃ ነኝ?»

ተማም ሳቁን ፊቱ ላይ ትቶ ዓይኑን ወደሷ መለሰ። «ሌላ ነገር አላሉም?»

«ሌላ ቀን ብቅ በሉ ብለዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ኮት ለብሰው እንደ ዶሮ ሲቀቀሉ አይተሃቸዋል፤ ለማን መሰለህ?»

«ፍቅር በጣም ጥሩ ነው» አለች ዝንቧ። «እንደዚሁ ይቀጥል።»

ሁለቱም እኩል ወደታች ተመለከቱ። «ሻፊቅ!» ብሎ ተጣራ ተማም። «ሰኞ ዕለት ምን ነበር ያሉህ? ሁሉንም ንገረኝ።»

ሻፊቅ ከነግመሉ ጥቂት ወጣ። «አናውቀውም አሉ። ልጅቷ ትንሽ ናት አሉ። ሌላ ቀን ኑ አሉ» አለ። «በኛ አገር ሌላ ቀን ኑ ያለህ ሰው፣ በሩን ሲዘጋ ጣትህን እንዳይዝህ ብሎ ነው። ሦስቱን ብነግርህ ሦስት ጊዜ ታዝናለህ ብዬ እምቢ ብቻ አልኩህ። አጭር ሐዘን ይሻላል።»

ተማም አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ደግ ሰው ነው ሻፊቅ፤ በደግነቱ ሊገድለው ነበር። የሙራድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ፀሐይዋ የአድማሱን ጫፍ ነክታለች።

ልጃገረድ ሽማግሌ አታሰልፍም፤ ነውር ነው። ዘሀራ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ቢሆንም «ሻፊቅ» አለች መሬት መሬት እያየች፣ «ጋሽ ንዋይ እዚያ ናቸው። ሙራድንም ጥራው።»

ሽማግሌዎቹ ወደሚቀጥለው ክምር ወጡ፤ ሁለቱ በእግራቸው፣ ሦስተኛው እያጉረመረመ። ዝንቧ ማንን እንደምትከተል ጠፍቷት በመሃል ዞረች። ጋሽ ንዋይ ሲያዩአቸው ከጀርመንነታቸው ወጥተው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ኮታቸው ባይኖርም ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆለፉ።

ሻፊቅ ልመናውን ደገመ። ጋሽ ንዋይ በጥሞና ሰሙት። «ስለ ልጁ ጠያይቀናል» አሉ። «ክፉ አልሰማንም። ቢሆንም ምክሩ አላለቀም። ተመለሱ።»

«ጋሽ ንዋይ!» አለ ተማም ከዚያኛው ክምር። «መኪናው እኮ ሊሄድ ነው።»

«አንተ ዝም በል! ልጁ በሽምግልና መሃል አፉን አይከፍትም፤ እንዲያውም ጨርሶ እዚህ አይገኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሂድ፣ ከዓይናችን ራቅ።»

ተማም ከክምሩ ጀርባ ተንከባሎ ተሰወረ። ዘሀራ ብቻዋን ቀረች። ከታች ሻፊቅ፣ ሙራድና ግመሉ ሄደው እንደተመለሱ እንዲቆጠር ክምሩን ይዞራሉ፤ ግመሉ አይቸኩልም። ሾፌሩ ሙራድ ስለሆነ መኪናው ካለሱ አይነሳም፤ የተቆጣጣሪው ቢሮ ግን በጆሮው ይጮህበታል። ጋሽ ንዋይ ይጠብቃሉ። ይህን ሰዓት ለሁለት ሠርግ ያህል ጠብቀውታል፤ ማሳጠር አልሆነላቸውም።

ፀጉር ቤት ያለችው ኤፍራታ ይህን ሁሉ በዝንቧ በኩል እየሰማች ነው። «ናሆም» አለች ኤፍራታ ቀስ ብላ። «ለእኔ ሽማግሌ የላክኸው መቼ ነበር?»

«የሠርግ መተግበሪያው ልኮልሻል እኮ፣ ከአበባው ጋር» አለ ናሆም።

ሽማግሌዎቹ ዞረው ሲመጡ ፀሐይዋ ግማሽ ቀርታለች። ሙራድ ላቡን እየጠረገ ነው። «ለሦስተኛ ጊዜ መጥተናል» አለ ሻፊቅ። ባላባትነቱ በዚያች ቅጽበት እውነት መሰለ። «ልጃችሁን ለልጃችን።»

ጋሽ ንዋይ ተነሱ። «አጎቷ አደራ የሰጡኝ ልጅ ናት። ኒካው አገር ቤት፣ በሳቸው ፊት ይታሰራል። እኔ ግን በአደራዬ» አሉና የሸሚዛቸውን ኮሌታ አቀኑ። «ሰጥተናችኋል። የተባረከ ቤት ይሁን።» ከዚያ የጀርመኑ ጡረተኛ ፊት በሚሆነው ፊታቸው ላይ እንባ ወረደ፤ ተጨማሪ አገልግሎት አልነበረም። ግመሉ አስነጠሰ። ሙራድ ይህንን ምርቃት ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይናገራል።

ተማም ፀጉሩ አሸዋ ሞልቶት ከጀርባ ወጣ።

«ሙሽራው ወደ ቦታህ» አለች ዝንቧ። «ብርሃኑ ሊያልቅ ነው። እቅፍ፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ዓይን ለዓይን።»

ተማም ወደ ዘሀራ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ። ዘሀራ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። ከፊት አባቷ የሆኑት ሰው ቆመዋል፤ ከጎን ሽማግሌዎቹ። አሁን የታጨች ልጅ ናት። ይህን ሰው እንዴት ብላ ነው በሰው ፊት የምታቅፈው? ጆሮዋ እስኪቃጠል አፈረች። ዓይኗ ከእግር ጣቷ አልነሳ አለ። በግድ ቀና ብላ ብታየው ተማምም አንገቱን ደፍቶ በጫማው አሸዋ ይቆፍራል፤ በሺህ ፎቶ የተሳቀበት ያ አፍ መዘጋትም መከፈትም አቅቶት።

«እቅፍ» አለች ዝንቧ። «እቅፍ። ፍቅር ይጎድላል።» ዞራ ከሌላ በኩል ሞከረች። «ፍቅር ይጎድላል። ፍቅር አልተገኘም። እነዚህ ሰዎች አይተዋወቁም።»

«ይሄ የጫጉላ ፎቶ ነው የለቅሶ?» አለች ኤፍራታ። የገዛ ፊቷ መሬት መሬት እያየ ከባሏ ራቅ ብሎ ቆሞ ስታይ የሽማግሌው ነገር ከልቧ ጠፍቷል። «ጎረቤት ይህን አይቶ ምን ሊል ነው? አልቀበልም።»

ፀሐይዋ ገባች። ወዲያው ከቢሮው የመጣው ውሳኔ በሁሉም ጆሮ ውስጥ ተነበበ፤ ቢሮው ለማሰብ ሰው አይቀጥርም። ሙሽራውም ሙሽሪቷም የፍቅር ችሎታቸው ሙሉ በሙሉ ስለጠፋ ለበረዶም ለአሸዋም አይሆኑም፤ ዛሬ ማታ በዚሁ መኪና ወደ አገራቸው ይሸኙ። ጋሽ ንዋይ ሰምተው ሲያበቁ «እንዲህ ያለ የሠርግ ስጦታ አይቼ አላውቅም» አሉና ተማምን ከፊት፣ ከሙራድ ጎን፣ ዘሀራን ከኋላ እንዲቀመጡ አዘዙ። ሙራድንም «አንተ ሽማግሌ ነህ፤ እስከ አውሮፕላኑ አደራ» አሉት።

ዘሀራ ድንኳኗ ገብታ ያላትን ሁሉ በአንድ ቦርሳ ይዛ መጣች። ተማም ሊጭንላት ወረደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳቀፋት የማያውቅ ሰው፣ ቦርሳውን ሲቀበላት ጣቷን እንዳይነካ ማንጠልጠያውን በሁለት ጣቱ ብቻ ያዘ። ቦርሳው ከበደውና እግሩ ላይ ወደቀ፤ አንስቶ ጫነው። ዘሀራ ከኋላ ገብታ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ማንም ሳያዛት፣ መኪናው የአሸዋውን መንገድ እስኪጨርስ ድረስ ሳቀች።